ስለ ናኖ ዕቃዎች ደረጃ፤ ምርመራና የምስክር ወረቀት

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የሸቀጥን ስም ግን የሚያወጣው ነጋዴው ነው። ስለዚህ በማዳበሪያ ወይም በተባይ መድኃኒት ላይ «ናኖ» የሚል ቃል ተጽፎ በተገኘ ጊዜ፤ ቃሉ ምን ማለት እንደ ሆነና ማን መርምሮ እንደ መሰከረለት ማወቅ የእርሻን ሥራ ለሚመሩ ሹማምንት የሚያስፈልግ ትምህርት ነው። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ናኖሜትር የርዝመት መለኪያ ነው። አንድ ሚሊሜትር ለአንድ ሚሊዮን ቢከፈል አንዱ ክፋይ ናኖሜትር ይባላል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ2005 ለዚሁ ሥራ ቁጥሩ 229 የሆነ ኮሚቴ አቆመ። በደረጃው አነጋገር ናኖ የሚባለው ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር ገደማ ያለው መጠን ነው።

የመጠን ማነስ የነገርን ጠባይ የሚለውጥበት ምክንያት እንዲህ ነው። ርዝመቱም ወርዱም ቁመቱም 1 ሴንቲሜትር የሆነ አንድ ጥርብ ነገር የገጹ ስፋት በሙሉ 6 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ይኸው ነገር በየጎናቸው 100 ናኖሜትር ወደ ሆኑ ደቃቆች ቢከፋፈል ግን፤ ክብደቱ ሳይጨምር የገጹ ስፋት 60 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከውሃ፤ ከአየርና ከሕያው አካል ጋር የሚገናኘው ይህ ገጽ ስለ ሆነ ጥቅሙም ጉዳቱም ከዚሁ ይወለዳል። ደቃቁ ብናኝ ከትንፋሽ ጋር ወደ ሳንባ ጠልቆ ሊገባ ይችላል። እንግዲህ ትልቁ ደኅና መሆኑ ስለ ታወቀ ብቻ ደቃቁም ደኅና ነው ሊባል አይገባም።

ከዚህ የተነሣ ሦስት ሥራዎች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ ይኸውም ዕቃው በምን ስም እንዲጠራና በምን ዘዴ እንዲለካ ይወስናል። ሁለተኛው የደኅንነት ሕግ ነው፤ ይኸውም የሚፈቀደውንና የሚከለከለውን ይለያል። ሦስተኛው የምስክር ወረቀት ነው፤ ይኸውም ከሻጩ ጋር ጥቅም የሌለው መርማሪ ዕቃው ከደረጃው ጋር መስማማቱን የሚመሰክርበት ነው። አንዱ የሌላውን ስፍራ ሊይዝ አይችልም።

በሕንድ አገር የሆነው ነገር ይህን በግልጽ ያስረዳል። የሕንድ መንግሥት በ2020 ለእርሻና ለምግብ የሚውሉ የናኖ ዕቃዎች የሚመረመሩበትን መመሪያ አወጣ። በ2021ም ፈሳሽ ናኖ ዩሪያን በማዳበሪያ ቁጥጥር ሕጉ ውስጥ አስገብቶ እንዲሸጥ ፈቀደ። ኢፍኮ የተባለው የማዳበሪያ ኅብረት ሥራ ማኅበር አንድ የ500 ሚሊሊትር ጠርሙስ አንድ ባለ 45 ኪሎ ጆንያ ዩሪያ ይተካል ብሎ አስታወቀ። ነገር ግን በዚያን ጊዜ በጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ናይትሮጂን ከመቶ 4 ስለ ሆነ ከ20 ግራም እምብዛም አይበልጥም ነበር፤ በጆንያው ውስጥ ያለው ከመቶ 46 ስለ ሆነ 20 ኪሎ ከ700 ግራም ነው። ልዩነቱ አንድ ሺህ እጥፍ ያህል ነበረ።

ማኅበሩ ደቃቁ ዩሪያ በቅጠል በኩል ገብቶ ሳይባክን ይሠራል፤ በብዙ ሺህ ገበሬዎች ማሳም ተሞክሮ ምርት ጨምሯል ሲል ተከራከረ። በዴንማርክ አገር የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ግን በ2023 ባወጡት ጽሑፍ ይህ ነገር በቂ የሳይንስ መሠረት የለውም አሉ። በሕንድም በፑንጃብ የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ለሁለት ዓመት በተደረገ ሙከራ፤ ዩሪያው ተቀንሶ ናኖ ዩሪያ በተረጨበት ማሳ የስንዴና የሩዝ ምርት አነሰ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ታላቅ ነው። ጠርሙሱ የመንግሥት ፈቃድ ነበረው። ይሁን እንጂ የደቃቁን መጠን የሚመሰክር ወረቀት ጆንያውን ስለ መተካቱ አይመሰክርም። ይህን የሚመሰክረው የማሳ ሙከራ ነው። ሙከራው ካልቀደመ ጉድለቱ የሚገለጠው በአውድማ ላይ ነው፤ በዚያን ጊዜም ኪሣራው የሻጩ ሳይሆን የገበሬው ነው።

ደግሞም የተሰጠ ፈቃድ ለዘለዓለም አይጸናም። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የተባለው ነጭ የምግብ ቀለም በአውሮጳ ኅብረት ለብዙ ዘመን የተፈቀደ ነበረ። ከደቃቆቹም አንዳንዶቹ በናኖ መጠን የሚቆጠሩ ናቸው። በ2021 የኅብረቱ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን የሰውን የዘር ቅንጣት አይጎዳም ለማለት አይቻልም ብሎ ስለ ፈረደ፤ በ2022 በምግብ እንዳይገባ ተከለከለ።

በኢትዮጵያ በ2010 በወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 መሠረት የተባይ መድኃኒት ሳይመዘገብ ሊሸጥ አይፈቀድም። በላዩ ናኖ የሚል ስም መጨመሩ ከዚህ ምዝገባ ነጻ አያወጣውም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ዕቃ ሲቀርብ ሹሙ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። መጠኑን የለካው የትኛው ቤተ ሙከራ ነው፤ በምንስ ዘዴ ለካው? ምግብነት ያለው ንጥረ ነገር በግራም ስንት ነው? በአገሩ አፈርና አዝመራ ላይ፤ ከተለመደው ማዳበሪያና ምንም ካልተደረገበት መሬት ጋር ተነጻጽሮ ተሞክሯልን? የሚረጨው ሰው አፍንጫውንና እጁን በምን ይከላከላል? የምስክር ወረቀቱስ የሚመሰክረው ስለ የትኛው ነገር ነው?

ለእነዚህ መልስ እስኪገኝ ድረስ ገበሬው የለመደውን ማዳበሪያ እንዲተው መምከር አይገባም። አዲሱን ነገር ለመፈተን ጥቂት መሬት ይበቃል፤ የዓመት እህሉን ግን ለፈተና ማቅረብ አያስፈልግም።