ደመወዝ ይቀነስ ወይስ መምህር ይቀነስ?

ባለፈው ሳምንት አንድ ማታ በመኝታ ቤታችን የተነሣ ጥያቄ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ሲያከራክረን አመሸ። ጥያቄው ይሄ ነው። የአንድ ትምህርት ቤት ባጀት ጎደለ እንበል። አስተዳደሩ ለመምህራን ማኅበሩ ሁለት ምርጫ ያቀርባል፤ ወይ ሁላችሁም ከደመወዛችሁ ይቀነስባችኋል፣ ወይ ከመካከላችሁ የተወሰኑት ይሰናበታሉ። የማኅበሩ አባል ብትሆኑ እጃችሁን ለየትኛው ታወጣላችሁ?

ከስምንታችን ስድስታችን ወዲያው «ደመወዝ ይቀነስ!» አልን። አንዱ ጓደኛችን ከላይኛው አልጋ ላይ ሆኖ፣ «ገና ያልበላችሁትን ደሞዝ ነው እንዴ የምትቸሩት?» ብሎ ሳቀብን። እውነቱን ነው። ቸር ሆነን ሳይሆን ለራሳችን ፈርተን ነው እንደዚያ ያልነው። እኛ ስንቀጠር የመጨረሻዎቹ ተቀጣሪዎች ነን፤ ቅነሳ ሲመጣ ደግሞ በብዙ አገር የሚሠራበት ደንብ መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይውጣ የሚል ነው።

ይህ ደንብ ምን እንደሚያደርግ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠርተን አይተነዋል። 100 መምህራን አሉ እንበል። 20ዎቹ አዲስ ናቸው፤ ደመወዛቸው 600 ብር ነው። 80ዎቹ ነባር ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 1,000 ብር ያገኛሉ። ጠቅላላ የወሩ ደመወዝ 92,000 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ 8 በመቶ፣ ማለትም 7,360 ብር መዳን አለበት ቢባል፣ በአዲሶቹ በኩል ሲቀነስ 13 ሰው መውጣት አለበት። ነባሮቹ ቢወጡ ግን 8 ሰው ይበቃ ነበር። አዲስ መምህር ርካሽ ስለሆነ ብዙ ተደርጎ ይቀነሳል ማለት ነው! ሁሉም 8 በመቶ ቢያዋጣ ደግሞ አዲሱ 48፣ ነባሩ 80 ብር ይሰጥና ማንም አይወጣም። አዲሶቹ 3 በመቶ ብቻ ይስጡ ቢባል እንኳ የነባሩ ድርሻ ከ80 ወደ 87 ብር ከ50 ሳንቲም ከፍ ይላል እንጂ ሌላ የሚመጣ ነገር የለም። በሰሌዳው ላይ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነው። በስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ግን እንደዚህ ቀላል ሆኖ አልተገኘም። ለዚህም በሁለት ቦታ የደረሰውን እንመልከት።

የመጀመሪያው የኒው ዮርክ ከተማ ነው። ከተማው ለዕለት ወጪው ሳይቀር እየተበደረ ብዙ ዓመት ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ዓ.ም. የጸደይ ወራት ባንኮቹ ከእንግዲህ አናበድርም አሉ። ከንቲባው አብርሃም ቢም ሠራተኛ መቀነስ ጀመሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ውስጥ ከከተማው ሠራተኞች ማኅበራት ብዙዎቹ ከደመወዛቸው ከፊሉ እንዲዘገይ ተስማሙ። ዝቅተኛ ተከፋዩ 2 በመቶ፣ መካከለኛው 4፣ ከፍተኛው 6 በመቶ እንዲዘገይበት ነበር ስምምነቱ። እኛ በሰሌዳ ላይ ካገኘነው ጋር የሚቀራረብ ነው። በአልበርት ሻንከር ይመራ የነበረው የመምህራኑ ማኅበር፣ የተባበሩት መምህራን ፌዴሬሽን፣ ግን በዚህ ስምምነት ውስጥ አልገባም።

መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህራኑ ያገኙት ከ40 በላይ ተማሪ የታጨቀበትን ክፍል ነበር። ጎረቤታቸው የነበረው መምህር የለም፤ ተሰናብቷል። በማግስቱ የሥራ ማቆም አድማ መቱ። ሻንከር ራሳቸው በዚህ አድማ ብዙም ተስፋ አልነበራቸውም ይባላል። ያስረዱ የነበረውም እንዲህ ነው፤ አድማ ገንዘብ ያለውን አሠሪ ያስጨንቃል፣ ገንዘብ የሌለውን ከተማ ግን ምን ያደርገዋል? እንዲያውም ያተርፈዋል። የግዛቱ ሕግ በመንግሥት ሠራተኛ ላይ ለእያንዳንዱ የአድማ ቀን የ2 ቀን ደመወዝ ይቀጣ ነበርና። አድማው 5 የትምህርት ቀን ቆይቶ አለቀ። አብዛኞቹ ተሰናባቾች አልተመለሱም። በዚያ ቀውስ ሥራቸውን ያጡት መምህራን በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ ቅነሳው በአገልግሎት ዘመን ስለነበረ ወጣቶቹንና በቅርብ ዓመታት የተቀጠሩትን ጥቁርና ፖርቶ ሪኳዊ መምህራን ይበልጥ መታ።

አሁን ልብ በሉልኝ። አድማውን ባስቆመው ስምምነት ውስጥ አንድ ትንሽ የምትመስል አንቀጽ ነበረች። ተማሪዎቹ በሳምንት ሁለት ቀን በ45 ደቂቃ ቀደም ብለው ወደ ቤታቸው እንዲሄዱ ተወሰነ። በዚህ መንገድ የመምህራኑ የዝግጅት ክፍለ ጊዜ ተጠበቀ፤ ከተማውም ተጨማሪ ሰው ሳይቀጥር ቀረ። ሁለቱም ወገን የየራሱን አዳነ፤ ሂሳቡ የተከፈለው ግን በልጆቹ ሰዓት ነው።

ከአንድ ወር በኋላ፣ ጥቅምት 17 ቀን እንደ እነሱ አቆጣጠር፣ ከተማው ዕዳውን የሚከፍልበት ሰዓት ደርሶ ገንዘብ ጠፋ። ያለው ተስፋ የመምህራን ጡረታ ፈንድ 150 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ቦንድ እንዲገዛ ነበር። የፈንዱ ባለአደራዎች በመጀመሪያ እምቢ አሉ። አይፈረድባቸውም፤ ገንዘቡ የጡረተኛና የሽማግሌ መምህራን ነው፣ ከተማው ቢከስር እሱም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ሻንከርና አገረ ገዥው ሂዩ ኬሪ በአንድ ሰው መኖሪያ ቤት ተገናኝተው ሲነጋገሩ በቤቱ የተገኘው ምግብ የአይሁድ ፋሲካ ቂጣ ብቻ ነበር ይባላል። ከቀትር በኋላ ማኅበሩ ተስማማ፤ ከተማው በሰዓታት ልዩነት ከክስረት ዳነ። እንግዲህ ለትንሽ የደመወዝ መዘግየት አልስማማም ያለው ማኅበር፣ በመጨረሻ የአባላቱን ጡረታ ለከተማው አበደረ። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ አሰብኩ። እንዲያው በሐምሌ ተስማምተው ቢሆን ኖሮ ስንት መምህር ይተርፍ ነበር? መልሱን አላገኘሁትም። ምናልባት ማንም አይተርፍ ነበር፤ የከተማው ጉድለት በመምህራን ደመወዝ ብቻ የሚሞላ አልነበረምና።

ሁለተኛው ቦታ የአሜሪካ የደሴቶች ግዛት የሆነችው ሃዋይ ናት። እዚያ የሆነው ከመኝታ ቤታችን ጥያቄ ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ሃዋይ በቱሪስት ገቢ የምትኖር ስለሆነች የዓለም የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ ግምጃ ቤቷ ወዲያው ተናጋ። ግዛቱ ሁሉ አንድ የትምህርት አስተዳደር ስለሆነ በዚያን ጊዜ 170,000 ያህል ተማሪዎችና በ13,000 አካባቢ የሚቆጠሩ መምህራን በአንድ ስምምነት ሥር ይገቡ ነበር። አገረ ገዥዋ ሊንዳ ሊንግል እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች በወር 3 ቀን ያለ ደመወዝ ይረፉ ብለው አዘዙ። ማኅበራቱ ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱም ይህ በድርድር እንጂ በትእዛዝ አይሆንም አለ። ከዚያ በኋላ የቀረው እንግዲህ የታወቀው ጥያቄ ነው፤ ወይ ተስማሙ፣ ወይ ሰው ይቀነሳል።

መምህራኑ ድምፅ ሰጡና በከፍተኛ ብልጫ ተስማሙ። ለ2 ዓመት፣ በየዓመቱ 17 ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ ይወጣሉ፤ ደመወዛቸው 8 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በወር 4,000 ዶላር የሚያገኝ 320 ያጣል ማለት ነው። በዚህ ምትክ ማንም አይሰናበትም። በእኛ መኝታ ቤት ቢሆን ኖሮ እልል እንል ነበር!

ነገር ግን እነዚያ 17 ቀኖች የት ላይ አረፉ? በማስተማሪያ ቀኖች ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዓርብ ዓርብ። መምህራኑ ለዝግጅት የሚገቡባቸው፣ ተማሪ የሌለባቸው ቀኖች አልተነኩም። ከጥቅምት 23 ቀን 2009 ጀምሮ ትምህርት ቤቶቹ በእነዚያ ዓርቦች ተዘጉ፤ የትምህርት ዓመቱም ከ180 ቀን ወደ 163 ወርዶ በአገሪቱ ውስጥ ዝቅተኛው ሆነ። ሠራተኛ እናት ዓርብ ጠዋት ልጇን ይዛ የት ትሂድ? የአካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ወላጆች ፍርድ ቤት ሄዱ፣ አልተሳካላቸውም። በሚያዝያ 2010 ወላጆች በአገረ ገዥዋ መሥሪያ ቤት ተቀምጠው አንነሣም አሉ፤ ከእነሱም የተያዙ ነበሩ። የአገሪቱ የትምህርት ሚኒስትር አርኒ ደንከን ሳይቀሩ ነገሩን በግልጽ ነቀፉ። በመጨረሻ በግንቦት ወር ለአውሎ ነፋስ አደጋ ከተቀመጠው ፈንድ 57 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶ፣ መምህራኑም ከዝግጅት ቀኖቻቸው የተወሰኑትን ለቀው፣ የሚቀጥለው ዓመት ዓርቦች ተመለሱ። ያለፈው ዓመት ዓርቦች ግን አልተመለሱም። የ2ኛ ክፍል ልጅ 2ኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ አይማርም።

እዚህ ላይ መምህራኑን ለመውቀስ እቸኩል ነበር። የላይኛው አልጋ ጓደኛችን ግን አላስቸኮለኝም። እንዲህ ነው ያለው፤ «ደሞዝህን በ8 በመቶ ቀንሰው ያንኑ 180 ቀን ካስተማርክ፣ አሠሪው ምን ይማራል? 180 ቀን በዚህ ዋጋ ይገኛል የሚለውን ይማራል። የሚቀጥለው ዓመት መነሻ እሱ ይሆናል። ቀኑ ሲዘጋ ግን ወላጁም፣ ጋዜጣውም ያየዋል። ሃዋይ ላይ ገንዘቡ የተገኘው ትምህርት ቤቱ ስለተዘጋ አይደለም እንዴ?» መልስ አጣሁ። ደግሞም ነገሩ እውነትነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. አዲሱ አገረ ገዥ ኒል አበርክሮምቢ ከማኅበሩ ጋር ሳይስማሙ 5 በመቶ ያህል ቅነሳ በመምህራኑ ላይ ጣሉ፤ አዲስ ስምምነት የተገኘው በ2013 ነው። አንድ ጊዜ የተከፈተ በር ለመዝጋት አስቸጋሪ ነው።

ለነባር መምህርም እናስብ። በብዙ አገር ጡረታ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደመወዝ ነው። 28 ዓመት ያስተማረ ሰው ዛሬ 8 በመቶ ሲቀነስበት፣ በሕይወት እስካለ ድረስ ሊቀነስበት ይችላል። እኛ ደግሞ ገና 28 ዓመት አለን። ስለዚህ በአዳራሹ ውስጥ «ወጣቶቹ ይሂዱ፣ ሌላ ሥራ ያገኛሉ» የሚል ሽማግሌ ብትሰሙ ክፉ ሰው ነው አትበሉ፤ እሱም እየቆጠረ ነው።

የሆነ ሆኖ እኔ የማላልፈው አንድ ነገር አለ። በሁለቱም ቦታ በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት አሠሪና መምህር ናቸው። አሠሪው ገንዘብ አለው፤ መምህሩ ጉልበትና ድምፅ አለው። ሲጨናነቁ ሁለቱም የእነሱ ያልሆነውን የልጆቹን ሰዓት እየቆረሱ ሰጡ። ኒው ዮርክ ላይ 45 ደቂቃ፣ ሃዋይ ላይ 17 ቀን። ስለዚህ እኔ ብጠየቅ፣ ደመወዜን ልስጥ እላለሁ፤ የዝግጅት ቀኔንም ልስጥ፤ የክፍል ቀን ግን አልሰጥም። በነጻም አልሰጥም። አስቀድሞ የሂሳብ መዝገቡ ተከፍቶ ማኅበሩ በራሱ ሰው ይመርምረው፤ ጉድለቱ እውነት ነው ወይ? የተቀነሰው የሚመለስበት ቀን በጽሑፍ ይቀመጥ፤ «ሁኔታው ሲፈቅድ» የሚባል ነገር ይቅር። ጡረታው በድሮው ደመወዝ ይሰላ። ብዙ የሚያገኝ ብዙ ይስጥ። በድርድሩ ጊዜ ደግሞ አዲስ ተቀጣሪዎች በተወካያቸው በኩል ይቀመጡ፤ ብዙ ጊዜ ስለ ስንብታቸው የሚሰሙት ደብዳቤው ሲደርሳቸው ነውና።

ጓደኛዬ በዚህ አይስማማም። ቀን ሳይዘጋ ማንም አይሰማችሁም ባይ ነው። ጽሑፉን ከመለጠፌ በፊት ከላይኛው አልጋ እንዲያነበው ሰጥቼው፣ «ጥሩ ነው፣ ግን የመጨረሻውን ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ልጅ ስትወልድ ጻፈው» ብሎ መለሰልኝ። ማታ እንደገና ድምፅ ሰጠን። መጀመሪያ ስድስት ለሁለት የነበረው አሁን አራት ለአራት ሆኗል።

የሚቀጥለው ሐሙስ ከእራት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ክርክሩን እንቀጥላለን። የምትመጡ ሁሉ ለአንዲት ጥያቄ መልስ ይዛችሁ ኑ፤ ቀኑ ሳይዘጋ፣ ደመወዙም በዘለቄታው ሳይወርድ፣ መምህራን የደረሰባቸውን ጉዳት ወላጅ እንዲያየው ማድረግ የሚቻለው እንዴት ነው? መምጣት የማይመቸው በወረቀት ጽፎ በጋዜጣው ሳጥን ያስገባ።