አጥር ውስጥ የበቀለ ወጪ

ዘመድ በቴሌግራም በላከው ፎቶ ላይ ቤቱ ከሶሌታ አላለፈም፤ ከየኮለኑ አናት ብቅ ያለው ፌሮ ዝጓል። ግቢው ግን ለምልሟል። ወገብ የሚደርስ አረንጓዴ ቅጠል፣ ጫፉ ላይ ቅንጬ የተበተነበት የመሰለ ነጭ አበባ። ሪያድ ወይም ዋሽንግተን ሆኖ ለሚያየው ሰው ያምራል። የበቀለው ግን ቅንጬ አረም፣ በሳይንሱ አጠራር ፓርተኒየም ነው።

መነሻው የአሜሪካ አህጉር ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ቀድሞ ከታየባቸው አካባቢዎች ድሬዳዋና ሐረርጌ ይገኙበታል። አመጣጡን አንዳንዱ ከድርቁ ዘመን የእርዳታ እህል፣ ሌላው ከሶማሊያው ጦርነት ተሽከርካሪዎች ጋር ያያይዘዋል። የሐረርጌ ገበሬ «ፈረምሲሳ» ይለዋል፤ «አስፈራሚ» እንደ ማለት ነው፤ መሬትህን ፈርመህ ልቀቅ። ለካርታና ለግንባታ ፈቃድ ሲፈርም ለከረመ ሰው ስሙ ሌላም ነገር ሳያስታውሰው አይቀርም።

አረሙ የሚወደው የተጠረገና የተተወ መሬት ነው። ዳያስፖራው ለቀጣዩ ዙር ገንዘብ እስኪያጠራቅም አጥሮ የሚተወው ቦታ ደግሞ ልክ እንደዚያ ያለ ነው። ዘሩ በገልባጭ መኪና ጎማ ጭቃ፣ በአሸዋና በገረጋንቲ ውስጥ ይመጣል። ዝናብ ካገኘ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ያብባል፤ አንዱ ተክል ብቻ ከ15,000 በላይ ዘር ሊጥል ይችላል።

እውነቱን ለመናገር ቅንጬ አረም ኮንክሪት አይሰነጥቅም። ጉዳቱ ሰው ላይ ነው፤ ቆዳ ያሳክካል፣ አስም ይቀሰቅሳል። በባዶ እጁ እንዲነቅል የታዘዘ የቀን ሠራተኛ በማግስቱ ክንዱ አብጦ ቢቀር አይገርምም። ጓንትና የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ከቀን ሒሳቡ ጋር አብሮ መታሰብ አለበት። ጥበቃው ላሙን ግቢው ውስጥ ቢያስገባ ደግሞ ወተቱ ይመርራል።

ዋናው ጉዳይ ጊዜው ነው። ክረምት ሲገባ በየሦስት ሳምንቱ፣ አበባ ሳይይዝ፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ ከነሥሩ መንቀል። ለመስከረም በዓል ሲመጣ አሳጭዳለሁ ያለ ባለቤት የሚደርሰው ዘሩ ከረገፈ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ኬሚካል ማስረጨትም ገንዘብ ማባከን ነው። ስለዚህ ከጥበቃው የሚጠየቀው ፎቶ የቤቱ ፊት ብቻ ሳይሆን የአጥሩ አራት ማዕዘንና የአሸዋው ክምር ጭምር ይሁን።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የቁፋሮውን አፈር ነው። መሬት ላይ የቀረ ዘር ቶሎ ሲሞት፣ የተቀበረው ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ለአትክልት ቦታ ይሆናል ተብሎ ጥግ ላይ የተቆለለ ጥቁር አፈር ቤቱ ሲያልቅ ሲበተን አረሙን እንደ አዲስ ያበቅላል። የላይኛውን አፈር ለብቻ ቆልሎ በሸራ መሸፈን፣ በክምሩ ላይ የሚበቅለውንም መንቀል ይሻላል። ለጊዜው የማይገነባበት ክፍል ላይ ሣር ቢተከል አረሙ ቦታ ያጣል። ይህ ሁሉ ከኮንትራክተሩ ጋር በሚፈረመው ውል ውስጥ በሁለት መስመር ቢገባ ኋላ «የማን ሥራ ነው?» ከሚል ጭቅጭቅ ያድናል።

አዋሽ፣ አፋር ወይም ድሬዳዋ ላይ ቦታ የያዘን ሰው ሌላ አረምም ይገጥመዋል። በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ የገባው እሾሃማው ፕሮሶፒስ በመጥረቢያ ከላይ ቢቆረጥ ከጉቶው በብዙ ቅርንጫፍ ያቆጠቁጣል። ጉቶው ከመሬት በታች ተቆፍሮ መውጣት አለበት፤ ለመሠረት የመጣው ኤክስካቫተር ግቢውን ሳይለቅ ይህን ማሠራት፣ ኋላ ለዚሁ ብቻ ሌላ ማሽን ከመከራየት በእጅጉ ይረክሳል።