ስለ ጨዋታና ስለ ጨዋታ ዕቃ

ጨዋታ የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው ሰውነትንና አሳብን የሚያሳርፍ ሥራ ነው፤ ሁለተኛውም ሰው ከሰው ጋር ተቀምጦ የሚያወጋው ወግ ነው። ሁለቱ በአንድ ስም መጠራታቸው የተገባ ነው፤ ጨዋታ ያለ ባልንጀራ አይሆንምና። ነቢዩ ዘካርያስም በ8ኛው ምዕራፍ ስለ ኢየሩሳሌም መታደስ ሲናገር፣ ሽማግሎች ምርኩዛቸውን ይዘው በአደባባይ እንደሚቀመጡ፣ ሕፃናትም በዚያው እንደሚጫወቱ ገልጿል። እንግዲህ ጨዋታ በራሱ ነውር አይደለም። ሊመረመር የሚገባው፣ ተጫዋቹን ከሰው ያገናኘዋል ወይስ ይለየዋል፤ ከእጁስ ምን ፍሬ ይገኛል የሚለው ነው።

ዛሬ በመቱ፣ በጎሬና በኖፓ እንዳሉት ወላጆች ሁሉ፣ በየአገሩ ያሉ ወላጆች ልጆቻቸው በስልክ ጨዋታና በፕሌይ ስቴሽን ቤት ጊዜያቸውን ስለ ማሳለፋቸው ያዝናሉ። ኀዘኑ እውነተኛ ነው፤ ገንዘብም ጊዜም ይባክናልና። ነገር ግን ከመውቀስ አስቀድሞ ነገሩን ማወቅ ይገባል። ሩሲያዊው አሌክሲ ፓጂትኖቭ በ1984 እ.ኤ.አ. የሠራውን ቴትሪስ የተባለ ጨዋታ፣ በኒው ዮርክ የሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ2012 እ.ኤ.አ. ከሌሎች ጋር፣ በጠቅላላው 14 አድርጎ፣ በቅርስነት ተቀብሎታል። ኮይቺ ሱጊያማም ድራጎን ክዌስት ለተባለው ጨዋታ የደረሰውን ዜማ በ1987 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ በኦርኬስትራ አሰምቷል። ጨዋታውን የሚወዱ ሰዎችም የባለታሪኮቹን ልብስ በእጃቸው ይሰፋሉ፤ ሥዕላቸውን ይሥላሉ፤ ምስላቸውን ከእንጨትና ከሸክላ ይቀርጻሉ፤ የቆዩትን መጫወቻዎች ሰብስበው ይጠግናሉ። ስለዚህ ፍቅር ካለበት፣ ከጨዋታ የእጅ ሥራ ይወለዳል ማለት ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የገና ተጫዋች ቆልማማውን ዱላ ከጫካ መርጦ ይቆርጣል፤ ሩሩንም ራሱ ያበጃል። በዚያ ቀን ጌታ በሎሌው አይቆጣም መባሉም፣ በዓሉ ታላቁንና ታናሹን በአንድ ሜዳ ስለሚያውል ነው። ገበጣም እንዲሁ ከእንጨት ይፈለፈላል፤ እንጨት ቢታጣ በመሬት ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ በጠጠር ይጫወቱታል። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ከ100 በላይ የገበጣ ዓይነቶችን ዘርዝረዋል። ይህም ጨዋታው የአንድ ወገን ብቻ ሳይሆን የብዙ ሕዝብ ሀብት መሆኑን ያስረዳል።

ይሁን እንጂ የተወደደ ጨዋታ ሁሉ አይኖርም። ለዚህ ምስክራችን ሰንጠረዥ ነው። ገበታው በመስመር የተከፈለ ጨርቅ ነበር። በላዩም ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ይሰለፋሉ። ጨዋታው ሲጀመር ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ፤ የመጀመሪያው ምርኮ እስኪወሰድ ድረስም ይህ ይቀጥላል፤ ስሙም ወረራ ይባላል። በዙሪያው የቆሙትም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይመክራሉ። በብርቱዎቹ በደር ወይም በፈረስ ንጉሡን መያዝ ብዙ አያስመሰግንም፤ በደካሞቹ መያዝ ግን ያስከብራል። እንዲህ ያለው ጨዋታ ማሸነፍን ብቻ ሳይሆን የአሸናፊነትን ወግ ያስተምር ነበር። በመኳንንቱ ግቢ የነበረው ይህ ጨዋታ፣ ከጣልያን ወረራ በኋላ ተጫዋቾቹ እያነሱ ሄደው፣ ሥርዓቱን ከመጽሐፍ ካልሆነ በቀር ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። ንጉሡንና ፈረሱን የቀረጸ እጅ ሲያርፍ፣ ከዕቃው ጋር ወጉም ጠፋ።

ገበጣም በዚሁ መንገድ እንዳይሄድ ያሠጋል። ደግነቱ ልጆቹ የሚወዱት መስኮት ራሱ መሸሸጊያ ሊሆን ይችላል። ስሙን ከቅኔ የወሰደው የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ በ2018 እ.ኤ.አ. ከገበሬ የምትሸሽ ዶሮ ያለችበትን ኩኩሉን አውጥቷል፤ ገበጣንም በስልክ እንዲጫወቱት አድርጓል። ነገር ግን በመስታወት ላይ የሚነካ ጠጠር ክብደት የለውም፤ ከፊትም የሚቀመጥ ሽማግሌ የለም። ስለዚህ ስልኩ ያስታውስ፤ ሰው ግን ያስተምር።

ለዚህም ሦስት ነገር እንመክራለን። 1ኛ፤ ካህናትና ሽማግሎች የሚያውቁትን የጨዋታ ሥርዓት ለልጆች ይንገሩ፤ ልጆቹም በደብተር ይጻፉት። 2ኛ፤ በኢሉባቦር ዋንዛ አለ፤ ቡናም አለ። በሰንበት ትምህርት ቤት ግቢ ከትምህርት በኋላ ከዋንዛ ገበጣ ቢፈለፈል፣ ጀንፈልም በጠጠር ፋንታ ቢሆን፣ ወጪው ጥቂት ነው፤ ልጁም የሚሠራ እጅ ያገኛል። 3ኛ፤ የስልክ ጨዋታ የሚወድ ልጅ ሲገኝ ወላጁ ሰዓት ይወስንለት፤ አጠገቡም ተቀምጦ ምን እንደ ሆነ ይጠይቀው፤ የወደደውንም እንዲሥል፣ እንዲቀርጽ፣ እንዲጽፍ ያበረታታው። ልጅ ብቻውን ከተቀመጠበት ወጥቶ ከሰው ጋር ሲጫወት፣ ጨዋታ ወደ ሁለቱ ትርጓሜው ይመለሳል፤ ዕረፍትም ወግም ይሆናል።