ጌታችን በመስቀል ላይ ምን አስተማረን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የትምህርቱ ዓላማ፦ ይህን ትምህርት ስንጨርስ ጌታችን ለምን መከራን እንደተቀበለ እናውቃለን፤ በመስቀል ላይ ያሳየንንም ፍቅር በኑሯችን እንዴት እንደምንገልጠው እንረዳለን።

 

ከእናንተ ብዙዎቻችሁ የምትኖሩት በስታዲየም፣ በካዛንቺስና በቂርቆስ አካባቢ ነው። ከስታዲየም ወደ መስቀል አደባባይ ስትሄዱ የምታዩትን እስቲ አስታውሱ። ሰፊው አደባባይ አለ። በየዓመቱ መስከረም 16 ቀን ደመራ የሚበራው በዚያ ነው፤ ንግሥት እሌኒ የጌታችንን መስቀል ከተቀበረበት እንዳስወጣች እናስባለን። ከአደባባዩ አጠገብ ደግሞ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ቅዱስ እስጢፋኖስ ስለ ክርስቶስ ብሎ ደሙን ያፈሰሰ የመጀመሪያው ሰማዕት ነው።

መስቀሉን የምናስብበት አደባባይና የመጀመሪያው ሰማዕት ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ናቸው። በዚያ በኩል ስናልፍ ሁልጊዜ እናያቸዋለን፤ ግን በመስቀሉና በእስጢፋኖስ መካከል ምን ዝምድና እንዳለ አስበን እናውቃለን? የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ነው።

1. ጌታችን ለምን መከራን ተቀበለ?

ልጆች፣ እግዚአብሔር አባታችን አዳምንና እናታችን ሔዋንን ፈጥሮ በገነት አኖራቸው። እነርሱ ግን ትእዛዙን አፍርሰው አትብሉ የተባሉትን ፍሬ በሉ። በዚህ ምክንያት ከገነት ወጡ፤ ሞትም ወደ ዓለም ገባ። አዳም ራሱን ማዳን አልቻለም። ልጆቹም እርስ በርሳቸው ሊያድኑ አልቻሉም፤ ሁሉም በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ነበሩና። ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ሌላውን የወደቀ ማውጣት ይችላልን? አይችልም። ከላይ ሆኖ እጁን የሚዘረጋ ያስፈልጋል።

ስለዚህ እግዚአብሔር ወልድ ከእመቤታችን ከቅድስት ድንግል ማርያም ሥጋን ነሥቶ ሰው ሆነ። መለኮት በባሕርዩ ሕማምና ሞት የለበትም፤ ነገር ግን ጌታችን በተዋሐደው ሥጋ ስለ እኛ ታመመ፤ ስለ እኛም ሞተ። ይህንንም ያደረገው ማንም አስገድዶት አይደለም። ሊይዙት በመጡ ጊዜ የመላእክትን ሠራዊት መጥራት እንደሚችል ለጴጥሮስ ነግሮት ነበር (ማቴ. 26፥53)። አልጠራም። በፈቃዱ፣ በፍቅር ራሱን ሰጠ።

2. መከራዎቹ ምን ይነግሩናል?

ቤተ ክርስቲያናችን የጌታችንን መከራ በ13 ከፍላ ታስተምራለች። እነዚህም 13ቱ ሕማማተ መስቀል ይባላሉ። እጆቹን ወደ ኋላ መታሰሩ፣ በገመድ መጎተቱ፣ በምድር ላይ መውደቁ፣ በጥፊ መመታቱ፣ ጀርባውን መገረፉ፣ የእሾህ አክሊል መድፋቱ፣ መስቀሉን መሸከሙ፣ በችንካር መቸንከሩ፣ ሐሞት መጠጣቱ ከእነርሱ መካከል ናቸው። ሁሉንም ትልቅ ስትሆኑ በሰፊው ትማራላችሁ። ዛሬ አራቱን ብቻ ከአዳም ታሪክ ጋር እያስተያየን እንመልከት።

ሀ. የተቸነከሩት እጆች፦ አዳምና ሔዋን ወደ ተከለከለችው ዛፍ እጃቸውን ዘረጉ። ጌታችን ደግሞ እጆቹን በመስቀል ዛፍ ላይ ዘረጋ። በዛፍ የመጣውን ሞት በዛፍ አጠፋው።

ለ. የእሾህ አክሊል፦ አዳም በበደለ ጊዜ ምድር እሾህንና አሜከላን እንደምታበቅልበት ተነግሮት ነበር (ዘፍ. 3፥18)። ጌታችን ያን የእርግማን ምልክት በራሱ ላይ ደፋው። የእኛን እርግማን እርሱ ተሸከመልን።

ሐ. ሐሞቱ፦ አዳም የበላት ፍሬ ለዓይን የምታስጎመጅ ነበረች፤ መጨረሻዋ ግን መራራ ሆነ። ጌታችን የዚያን ምረት ስለ እኛ ቀመሰ።

መ. የተወጋው ጎኑ፦ አዳም ተኝቶ ሳለ ሔዋን ከጎኑ ተገኘች። ጌታችንም በመስቀል ላይ ነፍሱን ከሰጠ በኋላ ጎኑ በጦር ሲወጋ ውኃና ደም ፈሰሰ (ዮሐ. 19፥34)። በውኃው እንጠመቃለን፤ ደሙን በቅዱስ ቁርባን እንቀበላለን። ቤተ ክርስቲያን ከጎኑ ተገኘች የምንለው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ልጆች፣ የጌታችን መከራ ለማልቀሻ ብቻ የተነገረን ታሪክ አይደለም። እያንዳንዱ ቁስል የእኛን አንድ ቁስል የፈወሰ መድኃኒት ነው። በየወሩ በ27 የምናስበውን ጌታ «መድኃኔ ዓለም» ብለን የምንጠራው ለዚህ ነው፤ የዓለም መድኃኒት ማለት ነው።

3. የስቅለት ዕለት ሰዓቶች

በሰሙነ ሕማማት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? በዚያ ሳምንት ካህናት በመስቀል አይባርኩም፤ ምእመናንም ተሳስመው ሰላምታ አይለዋወጡም። ይሁዳ ጌታውን አሳልፎ የሰጠው በመሳም ስለሆነ ያን እናስባለን።

በስቅለት ዓርብ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ግብረ ሕማማት እየተነበበ፣ ምእመናን «ኪርያላይሶን» እያሉ ይሰግዳሉ። ትርጉሙ «አቤቱ ማረን» ማለት ነው። በየሰዓቱ የሚታሰበው እንዲህ ነው፦

ጠዋት፦ ጌታችን በጲላጦስ ፊት መቅረቡ
በ3 ሰዓት፦ መገረፉ
በ6 ሰዓት፦ መሰቀሉ
በ9 ሰዓት፦ ነፍሱን በፈቃዱ መስጠቱ
በ11 ሰዓት፦ ከመስቀል ወርዶ መቀበሩ

ልብ በሉ፤ በወንጌል የተጻፈው ሰዓት እኛ ከምንቆጥረው ሰዓት ጋር አንድ ነው። ሁለቱም ከንጋት ጀምረው ይቆጥራሉና። ስለዚህ ስድስት ሰዓት ሲሆን ፀሐይ በራሳችን ላይ ስትቆም ጌታችን የተሰቀለበት ሰዓት ነው። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምድር ጨለመች (ሉቃ. 23፥44)። በሌላም ቀን ቢሆን ከትምህርት ቤት ለምሳ ስትወጡ ይህን ሰዓት አስታውሳችሁ አማትቡ።

4. ስለ ሰቀሉት የጸለየው ጸሎት

ጌታችን በመስቀል ላይ ሳለ 7 ቃላትን ተናግሯል። ከእነዚህ አንዱ ስለ ሰቀሉት ሰዎች የጸለየው ጸሎት ነው። የሚያደርጉትን አያውቁምና ይቅር እንዲላቸው አባቱን ለመነላቸው (ሉቃ. 23፥34)።

ልጆች፣ መቼ እንደጸለየ አስተውሉ። ቁስሉ ከዳነ በኋላ አይደለም። ሰዎቹ መጥተው ይቅርታ ከጠየቁት በኋላም አይደለም። ችንካሩ በእጁ ሳለ፣ እነርሱም እየዘበቱበት ሳሉ ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ «መጀመሪያ እሱ ይምጣ፣ መጀመሪያ እሷ ይቅርታ ትጠይቀኝ» እንላለን።

5. ቅዱስ እስጢፋኖስ ከመስቀሉ የተማረው

አሁን በአደባባዩ አጠገብ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን እንመለስ። ቅዱስ እስጢፋኖስ ሐዋርያት ከሾሟቸው ከ7ቱ ዲያቆናት አንዱና አለቃቸው ነበር። ስለ ክርስቶስ በመመስከሩ ሰዎች ተቆጥተው ከከተማ አውጥተው በድንጋይ ወገሩት። ድንጋዩ ሲወርድበት ምን አደረገ? ተንበርክኮ ይህን ኀጢአት እንዳይቈጥርባቸው ወደ ጌታ ጮኸ (የሐዋ. 7፥60)። መምህሩ በመስቀል ላይ ያደረገውን ደቀ መዝሙሩ በድንጋይ መካከል አደረገው። በመስቀሉና በእስጢፋኖስ መካከል ያለው ዝምድና ይህ ነው።

የወጋሪዎቹን ልብስ ይጠብቅ የነበረ ሳውል የሚባል ጎልማሳ በዚያ ነበር። ይህ ሰው በኋላ በክርስቶስ አምኖ ቅዱስ ጳውሎስ ተባለ። እስጢፋኖስ ጠላቶቹን ረግሞ አልሞተም፤ ከጠላቶቹም መካከል አንዱ ሐዋርያ ሆነ። ቤተ ክርስቲያናችን ጥቅምት 17 ቀን ሹመቱን፣ ጥር 1 ቀን ዕረፍቱን ታከብራለች።

«እስጢፋኖስ ትልቅ ሰው ነው፤ እኛ ሕፃናት ነን» የሚል ልጅ ካለ ደግሞ ሰፈራችን የሚጠራበትን ቅዱስ ቂርቆስን ያስብ። ቂርቆስ የ3 ዓመት ሕፃን ሳለ ከእናቱ ከቅድስት ኢየሉጣ ጋር ስለ ክርስቶስ መሰከረ። በፈላ ውኃ ሊጥሏቸው ሲሉ እናቱ ፈራች፤ ያበረታት ሕፃኑ ልጇ ነበር። መልአኩ ቅዱስ ገብርኤልም የፈላውን አቀዘቀዘላቸው። ይህን በየዓመቱ ሐምሌ 19 ቀን እናስባለን። የመስቀሉን መንገድ ለመከተል ዕድሜ አያግድም።

6. እኛስ?

ከእኛ ዛሬ የሚጠበቀው ምንድን ነው? እስቲ እንዲህ ብለን እናስብ።

በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሁለት ጓደኛሞች አሉ። በዐቢይ ጾም መጀመሪያ ኳስ ሲጫወቱ የጎረቤት መስኮት ተሰበረ። የሰበረው አንደኛው ነው፤ ግን ፈራና «እሱ ነው!» ብሎ በጓደኛው አላከከ። ያልሰበረው ልጅ ተቀጣ። እናቱም እንጀራ ሸጠው ካጠራቀሟት ገንዘብ ላይ የመስታወቱን ዋጋ ከፈሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ልጆች ተዘጋጉ።

ስቅለት ደረሰ። የተበደለው ልጅ ነጠላውን አጣፍቶ ከእናቱ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደና ሲሰግድ ዋለ። ቀና ባለ ቁጥር ግን ጓደኛውን ከፊት ለፊቱ ያየዋል፤ በልቡም «ውሸታም!» ይለዋል። በመጨረሻ ሕዝቡ በወይራ ቅጠል ጥብጣቤ እየተቀበለ ሲያልፍ እርሱም ተራው ደረሰና ለካህኑ «አባ፣ ጓደኛዬን ጠልቼዋለሁ» አላቸው።

ካህኑም «ጉልበትህ ሲሰግድ ውሏል ልጄ፤ ልብህ ግን ገና እንደቆመ ነው። ሂድና እርሱንም አሰግደው» አሉት።

ልጁ ወጥቶ ጓደኛውን ከዛፉ ሥር አገኘው። «መስኮቱን የሰበርሁት እኔ አይደለሁም፤ አንተም ታውቃለህ። እናቴ ስለከፈለች በጣም አዝኜብሃለሁ። ግን ይቅር ብዬሃለሁ» አለው። ያኛው ልጅ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ምንም አልመለሰም። በትንሣኤ ማግስት ግን ከአባቱ ጋር ወደ እናቲቱ ቤት መጥቶ እውነቱን ተናገረ።

ልጆች፣ ይህ ልጅ ይቅር ያለው ጓደኛው ከመመለሱ በፊት ነበር። ጓደኛው ሳይመጣ ቢቀርስ? ያም ቢሆን ልጁ ያደረገው ትክክል ነው። ከጌታችን ጋር ሁለት ወንበዴዎች ተሰቅለው ነበር፤ አንዱ ተመለሰ፤ አንዱ ግን አልተመለሰም። ጌታችን ግን ለሁሉም እጁን ዘርግቶ ነበር።

አንድ ነገር አትርሱ። ይቅር ማለት በደልን መደበቅ አይደለም። ልጁ እውነቱን ተናግሯል። ጌታችንም በሊቀ ካህናቱ ግቢ በጥፊ ሲመታ ክፉ ተናግሮ እንደሆነ እንዲመሰክርበት፣ ካልሆነ ግን ለምን እንደሚመታው መቺውን ጠይቆታል (ዮሐ. 18፥23)። እውነትን ተናገረ፤ አልጠላም፤ አልተበቀለም። ስለዚህ የሚጎዳችሁ ሰው ቢኖር ለወላጆቻችሁ ወይም ለመምህራችሁ ንገሩ። ቂሙን ግን በልባችሁ አታሳድሩ።

ማጠቃለያ

ጌታችን በመስቀል ላይ ሁለት ነገር አደረገልን። አንደኛ፣ እኛ ልንከፍለው ያልቻልነውን ዕዳ ከፍሎ አዳነን። ሁለተኛ፣ የበደለንን እንዴት እንደምንወድ አሳየን። የመጀመሪያውን ማንም ሊያደርገው አይችልም፤ እርሱ ብቻ ፈጽሞታል። ሁለተኛውን ግን እስጢፋኖስ አድርጎታል፤ እኛም በእርሱ ረድኤት ማድረግ እንችላለን። በአንገታችን ያሰርነው መስቀል የሚያስታውሰን ይህንኑ ነው።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. አዳም ራሱን ማዳን ያልቻለው ለምንድን ነው?
2. የእሾህ አክሊል ከአዳም ታሪክ ጋር እንዴት ይገናኛል?
3. በስቅለት ዓርብ በ6 ሰዓትና በ9 ሰዓት ምን ይታሰባል?
4. ቅዱስ እስጢፋኖስ ከጌታችን የተማረው ምንድን ነው?
5. ይቅር ማለትና በደልን መደበቅ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

የቤት ሥራ፦ ሉቃ. 23፥34ን እና የሐዋ. 7፥60ን ከመጽሐፍ ቅዱስ አውጥታችሁ በደብተራችሁ ጎን ለጎን ጻፉ፤ በቃላችሁም አጥኑ። ያኮረፋችሁት ጓደኛ፣ ወንድም ወይም እኅት ካለ እስከሚቀጥለው ሰንበት ድረስ አነጋግሩት።

አምላካችን በመስቀሉ ኃይል ይጠብቀን። የቅዱስ እስጢፋኖስና የሕፃኑ የቅዱስ ቂርቆስ በረከት አይለየን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።