ፎር ዊሉን ወደ ሙሉ ጊዜ መለወጥ ያዋጣል?

ከጥቅምት ጀምሮ እሸት ቡና ሲቀላ የጨለለቅቱ ነጋዴ የሚሽቀዳደመው ከሰዓት ጋር ነው። የተለቀመው እሸት በዕለቱ መፈልፈያ ካልደረሰ ሞቆ መፍላት ይጀምራል፤ ጥራቱ ሲወርድ ዋጋውም ይወርዳል። የቀበሌ መንገድ ደግሞ ዝናብ ሲነካው ይጨቀያል። በመሆኑም ሰብሳቢም ሆነ አቅራቢ ለመኪናው አቅም ገንዘብ ለማውጣት አያመነታም። ፎር ዊሉን ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚነዳ ማድረግ የሚለው ሐሳብም የሚመጣው ከዚህ ነው።

ለመሆኑ ልዩነቱ ምንድን ነው?

በገጠር የሚታወቁት አብዛኞቹ የ70 ተከታታይ ላንድክሩዘሮች በአዘቦቱ የሚነዱት በኋላ ጎማ ነው። ፎር ዊል ሲገባ የፊቱና የኋላው ዘንግ እኩል እንዲዞሩ ይታሰራሉ። መኪና ሲጠመዘዝ ግን የፊት ጎማዎች ከኋለኞቹ የበለጠ ርቀት ይሄዳሉ። በጭቃ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ችግር የለም፤ በደረቅ አስፋልት ላይ ግን መሪው ይከብዳል፣ ጎማ ይበላል፣ ማርሹ ይጎዳል። የሙሉ ጊዜው ዓይነት መሐል ላይ ሦስተኛ ዲፈረንሻል ስላለው ይህን የርቀት ልዩነት ያስተናግዳል። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው ላንድክሩዘር 80 በሁለቱም ዓይነት ተሠርቷል።

ለለውጡ ባለ መሐል ዲፈረንሻል ትራንስፈር፣ በልኩ የሚሆኑ ዘንጎች፣ በፍሪ ዊሉ ፈንታ ቋሚ ማያያዣ እንዲሁም የመቆለፊያው መስመር ያስፈልጋሉ። የፊት መገጣጠሚያዎቹም ያለ ዕረፍት ለመሥራት የሚችሉ መሆን አለባቸው።

ሒሳቡስ?

ለምሳሌ ያህል ዕቃውና የእጅ ዋጋው 300 ሺህ ብር ቢፈጅ፣ በወር ከጎማና ከጥገና 5 ሺህ ብር ቢተርፍ፣ ለነዳጅ ጭማሪ ደግሞ 1 ሺህ ብር ቢወጣ የተጣራው ትርፍ 4 ሺህ ብር ነው። ወጪው የሚመለሰው በ75 ወር፣ ማለትም ከስድስት ዓመት በኋላ ነው።

ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። የመሐሉ ዲፈረንሻል ካልተቆለፈ አንድ ጎማ በጭቃ ሲሽከረከር ጉልበቱ በዚያው ይባክናል። ሲቆለፍ ደግሞ መኪናው ከድሮው ፎር ዊል የተለየ አይሆንም። ስለዚህ ከጭቃ ለመውጣት ብሎ መለወጥ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ለውጡ የሚጠቅመው አስፋልትና ኮረኮንች፣ ደረቅና እርጥብ እየተፈራረቁበት፣ ለምሳሌ ከቀበሌ ወደ ዲላ ዘወትር ለሚመላለስ ሰው ነው። ጭነቱን ከማሳ ወደ መፈልፈያ ብቻ ለሚያመላልስ ግን ጥሩ የጭቃ ጎማ፣ የጎማ ሰንሰለትና በደንብ የሚሠራ ፍሪ ዊል በጥቂት ብር ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። ለመለወጥ የወሰነም ቢሆን መኪናውን ጋራዥ ከማስገባቱ በፊት ለውጡ ቦሎ ለማውጣት እንቅፋት እንዳይሆንበት ቢያጣራ ይበጀዋል።