ከላይ የተመታ ሶሌታ ከታች ለምን ይፈርሳል?

አንድ ኩንታል የሚመዝን የፌሮ እስር ከክሬን አምልጦ ከ3 ሜትር ከፍታ በአንድ ሶሌታ ላይ ወደቀ እንበል። ያው ሶሌታ ከዚህ በእጅጉ የሚበልጥ ዕቃ ተደርድሮበት ሲውል ምንም አይሆንም። ታዲያ ከሥሩ የሚሠራ ሰው ስለ አንድ ኩንታል ለምን ይሰጋል?

እስሩ ሶሌታው ላይ ሲደርስ በሴኮንድ 7.7 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ 2,940 ጁል የሚሆን ኢነርጂም ይዟል። ይህ ኢነርጂ እንዲያልቅ ሶሌታው በተወሰነ ርቀት ላይ ተቃራኒ ጉልበት ማሳረፍ አለበት፤ ርቀቱ ባጠረ ቁጥር ጉልበቱ ይገዝፋል። እስሩ በ1 ሳንቲ ሜትር ውስጥ እንዲቆም ከተገደደ አማካዩ ጉልበት ወደ 300 ሺህ ኒውተን፣ ማለትም የ300 ኩንታል ክብደት ያህል ይሆናል። ሶሌታው እየጎበጠ በ10 ሳንቲ ሜትር ቢያቆመው ግን 30 ኩንታል ገደማ ብቻ ነው። እንግዲህ ጥያቄው «ምን ያህል ጠንካራ ነው?» ብቻ ሳይሆን «ሳይሰበር ምን ያህል ይጎብጣል?» የሚልም ነው። ኮንክሪት በዚህ ድሃ ነው። ሲጨመቅ ብርቱ ቢሆንም፣ ሲሳብ የሚችለው የዚያን አንድ አሥረኛ ያህል ነው፤ ያውም በድንገት ይሰነጠቃል። ለስላሳ ብረት በአንጻሩ ከመበጠሱ በፊት ከርዝመቱ አንድ አምስተኛ ያህል ሊለጠጥ ይችላል።

ሶሌታው ከመጉበጡ አስቀድሞ ግን ሌላ ነገር ይፈጸማል፤ ለእኔ የጉዳዩ ማራኪ ክፍል ይህ ነው። ምቱ የፈጠረው የጭመቃ ሞገድ በኮንክሪት ውስጥ በሴኮንድ 3,750 ሜትር ያህል ስለሚሮጥ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ሶሌታ በ40 ማይክሮ ሴኮንድ ያቋርጠዋል። ታችኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ከፊቱ ያለው አየር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ተገልብጦ የመሳብ ሞገድ ሆኖ ይመለሳል። ሳንቲሞችን በአንድ መስመር አነካክታችሁ ከአንዱ ጫፍ ብትመቱ፣ ተፈናጥሮ የሚሄደው የወዲያኛው ጫፍ ሳንቲም ነው። የሶሌታው የታች ቅርፊትም እንዲሁ ተላቆ ይወረወራል። በርትራም ሆፕኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1914 ባሳተመው ጥናት የፍንዳታንና የጥይትን ግፊት የለካው በዚሁ ባሕርይ ነበር፤ ከረጅም የብረት ዘንግ ጫፍ ጋር ያገናኘው አጭር ቁራጭ ሞገዱ ሲደርሰው ተላቆ ይበር ነበር።

አሁን ኮንክሪቱ ሸንተረር ባለው ላሜራ ላይ የተሞላ ነው እንበል። ላሜራው መጀመሪያ እንደ ካዛፎርማ ያገለግላል፤ ኮንክሪቱ ከጠነከረ በኋላም አይነሳም፤ በገጹ ላይ የታተሙት እብጠቶች ሁለቱን ያያይዟቸዋል። «ላሜራው ሞገዱን ያግዳል» የሚሉ ተማሪዎች ይገጥሙኛል፤ ስሕተት ነው። ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ሞገዱ ከ1 ማይክሮ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ያልፈዋል። ኮንክሪቱ መሰንጠቁ አይቀርም፤ ነገር ግን ስብርባሪው ከሥር ባለው ሰው ላይ አይወርድም። ላሜራው እንደ ከረጢት ይይዘዋል፤ እየተለጠጠም የማቆሚያውን ርቀት ያረዝማል።

ይህ የሚሆነው ሁለቱ እስከተያያዙ ድረስ ነው፤ ምት ደግሞ ይህንኑ መያያዝ ይፈትናል። ከተላቀቁ፣ እንዳልተሰፋ ደብተር ሉሆች፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይጎብጣሉ፤ አቅማቸውም በእጅጉ ይወርዳል። ተራ የአርማታ ሶሌታ ቁስሉን ከታች ሲያሳይ፣ ላሜራው ግን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ከባድ ዕቃ የወደቀበትን ሶሌታ የሚመረምር ሰው፣ ከሥር ሲያየው ደህና ቢመስለውም፣ ላሜራውን ከቦታ ቦታ በመዶሻ ቀስ ብሎ እየመታ ድምፁን ያዳምጣል፤ በተያያዘበት ድፍን፣ በተላቀቀበት የባዶ ቆርቆሮ ድምፅ ይሰጣል።