ከሚኒስትርነት ወደ ወረዳ ምክር ቤት

ከወንበራችሁ ዝቅ ተደርጋችሁ ታውቃላችሁ? ትናንት ስታዙበት በነበረው ቦታ ዛሬ ታዛዥ ሆናችኋል? እንግዲያው የቤን ቺፍሊን ነገር ስሙኝማ።

ቺፍሊ በ1885 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአውስትራሊያዋ ባተርስት ከተማ የተወለደ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነው። በ1903 በምድር ባቡሩ ጋራዥ በተላላኪነት ተቀጠረ። ሎኮሞቲቭ እየጠረገ፣ ከሰል በአካፋ እየማገደ፣ ማታ ማታ እየተማረ በ1914 ባቡር ነጂ ሆነ። ገና 28 ዓመቱ ነበር።

በ1917 የባቡር ሠራተኞች አድማ መቱ፤ ቺፍሊም ከጓደኞቹ አልተለየም። አድማው ከሸፈና ተባረረ። ኋላ ሲመልሱት ነጂነቱን ነስተው አካፋውን መልሰው አስጨበጡት፤ የቆየ ሠራተኛ በመሆኑ ያገኘው ቅድሚያም ተሰረዘ። ሲነዳው በኖረው ባቡር ላይ ከሰል አቀባይ! እዚህ ላይ ስንቶቻችን ነን ጥለን የምንሄደው? ካልሄድንም አኩርፈን፣ ለመጣ ለሄደው በደላችንን ስንተርክ እንውላለን። ቺፍሊ ከሰሉን ማገደ፤ ወደ ነጂነቱም ተመለሰ። በሠራተኛ ማኅበሩ ውስጥ እየጎለበተ ሄዶ በ1928 ፓርላማ ገባ፤ በ1931 የመከላከያ ሚኒስትር ሆነ።

ደስታው ግን ዓመት አልሞላም። በዚያው ዓመት መጨረሻ በተደረገው ምርጫ ወንበሩን አጣ።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ከዚህ በኋላ ያደረገው ነው። በ1933 የአበርክሮምቢ ወረዳ ምክር ቤት አባል ሆነ። ትናንት ስለ አገር መከላከያ ሲመክር የነበረ ሰው፣ ዛሬ ስለ ገጠር መንገድና ስለ ድልድይ ይከራከራል! (እኛ የዕድር ጸሐፊ ሁኑ ስንባል እንኳ «ይሄማ አይመጥነኝም» እንላለን።) በ1937 የምክር ቤቱ ሊቀ መንበር ሆነ። እናንተም የሚቀጥለው ትልቅ ወንበር እስኪመጣ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትጠብቁ፤ በአጠገባችሁ ያለውን ጉድጓዳም መንገድ ጀምሩት።

በ1940 ፓርላማ ተመለሰ፤ በ1941 የገንዘብ ሚኒስትር፣ በ1945 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። የጠቅላይ ሚኒስትሩ መኖሪያ ቤት እያለለት ካንቤራ ሲሆን የሚያድረው በአንድ ሆቴል ክፍል ነበር። የወረዳውን ምክር ቤት ደግሞ ወዲያው የተወው እንዳይመስላችሁ፤ አገር እየመራም እስከ 1947 ድረስ አባል ነበር።